ባዶና ዜሮ

ሰው በክብሩ ቀን ምክር መስማት አይወድም። አቶ አብተውም የዚያን ዕለት ጠዋት ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ወደ አዳማ መናኸሪያ ሲገቡ ሊመሰገኑ እንጂ ሊመከሩ አልነበረም የተነሡት።

ከወለንጪቲ ወጣ ብላ በምትገኝ ጋራ ዲማ በምትባል መንደር አዲስ የጉድጓድ ውሃ ይመረቅ ነበር። አቶ አብተው ጉድጓዱን አልቆፈሩም፤ ቧንቧውንም አልዘረጉም። የእሳቸው ሥራ ድረ ገጽ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ የውሃ ጉድጓዶችን በካርታ ላይ አስቀምጦ፣ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን የበዛበትን በቀይ ነጥብ፣ ለመጠጥ የሚሆነውን በአረንጓዴ ነጥብ የሚያሳይ ገጽ ከሠሩ ቆይተዋል። ፍሎራይድ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ በዚያ አገር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ጥርሱ የበለዘውን ወጣት፣ እግሩ የተወለጋገደውን ልጅ፣ ወገቡ አልታጠፍ ያለውን ሽማግሌ ማየት ይበቃል። ስለዚህ ገጹን ሕዝቡ ወደደው። የውሃ ኮሚቴዎች በስልካቸው እየከፈቱ አረንጓዴ ሲያዩ ይጠጣሉ፤ ቀይ ሲያዩ ይተዋሉ። የጋራ ዲማ ነጥብ በዚያው ሰሞን አረንጓዴ ሆና ስለ ታየች፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ኦቦ ጉቱ ራሳቸው ደውለው «ያለ እርስዎ አይመረቅም» ብለው ጋበዟቸው።

ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ወጣት የላፕቶፕ ቦርሳ አንግባ ገባችና ከአጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዞር ብላ ስታያቸው ደነገጠች።

«ጋሼ አብተው! እርስዎ ነዎት?»

ሶረቲ ነበረች። አቶ አብተው በሚያስተምሩበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ካለፉት ሁሉ ጥያቄ በማብዛት የሚያስታውሷት ተማሪያቸው ናት። አሁን አዲስ አበባ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች።

«አካም ጂርታ፣ ደህና ነሽ ልጄ? ጠፋሽ እኮ! ወዴት ነው?»

«ጋራ ዲማ። የተወለድኩበት መንደር አይደል? አባቴ ለምርቃቱ ካልመጣሽ ብሎኝ ነው።»

«በይ እንኳን አብረን ሆነ!» አሉ አቶ አብተው ደስ ብሏቸው። «ዛሬ ያባትሽ አገር በኔ ገጽ አረንጓዴ ሆና የምትመረቅበት ቀን ነው። መምህርሽ ያለ ነገር አልጮኸብሽም ማለት ነው።»

ሶረቲ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም። መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ የመተሐራን መንገድ እስኪይዝ ድረስ ስልኳን ታገላብጥ ነበር። መንገዱን ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች ይዘውታል። አቶ አብተው የሚናገሩትን የምስጋና ንግግር በልባቸው እያሰናዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ባያስቀይምዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ። ደግሞ መቼ ፈቃድ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ!»

«ከጉድጓዱ ናሙና ሲወሰድ አባቴ ያየው በቅርቡ ነው። ቤተ ሙከራው ደግሞ ወረፋ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ውጤቱ እንዲህ ፈጥኖ እንዴት ደረሰ?»

«ባይደርስ ኖሮ ገጹ ከየት አምጥቶ አረንጓዴ ያደርገዋል?»

«ቁጥሩን እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?»

የአቶ አብተው ንግግር ከልባቸው በነነ። «እያንዳንዱን ቁጥር በዓይኔ የማይ ከሆነ ፕሮግራሙ ምን ሊሠራ ነው? ቤተ ሙከራው ይመዘግባል፤ ገጹ የተመዘገበውን ያነባል፤ ቀለም ይሰጣል። አለቀ።»

«እኔም የፈራሁት ንባቡን ነው» አለች ሶረቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ማታ ኮዱን አየሁት።»

«በማን ፈቃድ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ጃቫስክሪፕት ገመናውን አይደብቅም፤ ገጹን የከፈተ ሁሉ ኮዱንም አብሮ ያወርዳል ብለውን ነበር። ቀለሙን የሚወስነውን መስመር አነበብኩት። ቁጥሩ ከተፈቀደው መጠን ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ አረንጓዴ፣ አለዚያ ቀይ ይላል። ሌላ ምንም አይልም።»

«ታዲያ ምን ይበል?»

«ቁጥሩ ጭራሹን ባይኖርስ?»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዳያደናግርህ፦ ጃቫስክሪፕት ማለት ድረ ገጾች የሚታዘዙበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እድሜ ጠገብ ነው፤ እንደ እድሜ ጠገብ ሁሉ አመል አለው። ባለሙያዎቹ ስለ አመሉ ሲከራከሩ የሰማ ሰው ስለ ሩቅ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስለዋል። አንዱ «ተዉት፣ እንዲሁ ለምደነዋል» ይላል፤ ሌላው «እስከ መቼ?» ይላል። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ የተነሣውም ይኸው ነገር ነበር።

«ሶረቲ፣ ወዴት ልትሄጂ እንደ ሆነ ገብቶኛል» አሉ አቶ አብተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «የእናንተ ትውልድ በሽታ ይህ ነው። በየዓመቱ አንድ አዲስ ነገር ሲመጣ ትናንት የተማራችሁትን ጥላችሁ ትሮጣላችሁ። ነገር ለማወዳደር ሁለት እኩል ምልክት ይበቃን ነበር፤ ሦስት ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አላችሁ። ቀጥሎ ሁለት የጥያቄ ምልክት አመጣችሁ። አሁን ደግሞ ታይፕስክሪፕት በሚሉት ጥብቅ ጃቫስክሪፕት ያልጻፈ ሰው አይደለም ልትሉ ነው! የኔ ገጽ የተሠራ ጊዜ እንደ ነበረው ዛሬም ይሠራል። ብራውዘሩ ስንት ጊዜ ተለወጠ፤ ገጼ ግን አልተሰበረም። ለምን? ቋንቋው ውለታ አይረሳማ! አሮጌውን አይጥልም። እናንተ አዲስ አበባ ካምና የሠራችሁት ግን ዘንድሮ አልከፈት ይላል።»

«እሱ እውነት ነው፤ አልከራከርዎትም» አለች ሶረቲ። «የእርስዎ ገጽ ኔትወርክ በሌለበት በሚባል መንደር፣ በአባቴ አሮጌ ስልክ ይከፈታል። እኛ የምንሠራው አይከፈትም። ይህንን ለአለቆቼ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ግን ጋሼ፣ ቋንቋው አሮጌውን አይጥልም ማለት እኛ ከአሮጌው አመሉ ጋር እንኑር ማለት ነው? አዲሶቹን ነገሮች ያመጧቸው ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱም፤ ከጎኑ ጨመሩ። የተጨመረውም ለጌጥ አይደለም። ሰው የተጎዳበትን ቦታ እያዩ ነው የጨመሩት።»

«ማን ተጎዳ? አንድ ሰው ጥሪልኝ!»

ከፊት የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ዞረው አዩዋቸው። አቶ አብተው ድምፃቸው ከፍ ማለቱን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ሶረቲ ላፕቶፑን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ከፈተች። «ቋንቋው ይሉኝታ ይዞታል፤ ችግሩ እሱ ነው። ጽሑፍ የሆነ አምስትንና ቁጥር የሆነ አንድን ደምር ቢሉት 'አይደመሩም' ብሎ አያሳፍርዎትም፤ ገጣጥሞ ሃምሳ አንድ ይላል። ምንም ቢጠይቁት አላውቅም ማለት ይከብደዋል። አሁን ሦስት ጥያቄ ልጠይቀው፤ ይዩልኝ። ባዶ፣ ማለት ምንም ያልተጻፈበት ቦታ፣ ከዜሮ ይበልጣል?»

የላፕቶፑ ስክሪን ላይ «ሐሰት» የሚለው መልስ መጣ።

«ከዜሮ ጋር እኩል ነው?»

እንደገና «ሐሰት» አለ።

«ከዜሮ ይበልጣል ወይም እኩል ነው?»

«እውነት» አለ።

«ይህቺን አውቃታለሁ!» አሉ አቶ አብተው ሳቅ እያሉ። «በየዓመቱ ተማሪ አሥቅባታለሁ። አንቺንም አሥቄሻለሁ። አይበልጥም፣ እኩልም አይደለም፣ ግን ይበልጣል ወይም እኩል ነው! ሲያወዳድር ባዶውን ዜሮ አድርጎ ይቆጥረዋል። የቋንቋው ቀልድ ናት።»

«አዎ፣ ስቄያለሁ» አለች ሶረቲ። እሷ ግን አሁን አልሳቀችም። «አራተኛ ልጠይቀው። ባዶ ከተፈቀደው የፍሎራይድ መጠን ያንሳል?»

ጣቷ ቁልፉን ሲጫን አቶ አብተው መልሱን ሳያዩ አወቁት። ሰው አንድን ነገር ለዘመናት ሲያስተምረው ኖሮ በገዛ ቤቱ ሲያገኘው የሚሰማው ብርድ አለ፤ ያ ብርድ በጀርባቸው ወረደ። መልሱ «እውነት» ነበር። ያልተለካ ውሃ ሁሉ ለገጻቸው ንጹሕ ውሃ ነው።

ግን ክብር በአንድ ምት አይወድቅም። «መዝገቡ ውስጥ ባዶ ከሌለስ?» አሉ። «ውጤቱ ደርሶ ከሆነ ይህ ሁሉ ወሬ ነው።»

«ታዲያ ይደውሉና ይጠይቁ። ብሳሳት እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አቶ አብተው በቤተ ሙከራው ውጤት ወደምትመዘግበው ወደ ሃፍሳ ደወሉ። ጥሪው ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግመው ደወሉ፤ አልተነሣም። በሦስተኛው ኔትወርኩ ራሱ ጠፋ። መኪናው ሜዳውን ሲያቋርጥ በመንገዱ ዳር ቢጫ ጀሪካን የተጫኑ አህዮች በሰልፍ ይሄዱ ነበር። አቶ አብተው ያን ሰልፍ በየሳምንቱ ያዩት ነበር፤ እንደዚያ ቀን አይተውት ግን አያውቁም።

ወለንጪቲ ወርደው ባጃጅ እንደ ያዙ ስልኩ ጠራ። ሃፍሳ ነበረች።

«ጋሼ፣ ደውለው ነበር?»

«ሃፍሳ፣ የጋራ ዲማ ውጤት ደርሷል?»

«ኧረ ገና ነው! ናሙናው ገብቷል፤ ግን የምንለካበት ኬሚካል አልቆ እየጠበቅን ነው።»

«ታዲያ መዝገቡ ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ምን እጽፋለሁ? የመንደሩን ስም አስገብቼ የውጤቱን ቦታ ባዶ ተውኩት። ያልለካሁትን ልጽፍ እንዴ?»

አቶ አብተው ስልኩን ዘጉ። ባጃጁ በአቧራው ውስጥ እየዘለለ ይሄዳል።

«ስሚ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን በስልኬ ነጥቧን ከካርታው ላይ አነሣታለሁ። ምርቃቱ ይለፍ። ውጤቱ ሲመጣ እንናገራለን። ጥሩ ሊሆንም ይችላል እኮ። ለጥቂት ቀን ቢጠጡት ማን ይሞታል?»

«ለጥቂት ቀን ማንም አይሞትም» አለች ሶረቲ። «ግን ከወረዳው ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ከነገ ጀምሮ ወደ ሌላ መንደር ሊዞር ነው። ጋራ ዲማ አረንጓዴ ሆናለች ተብሎ። አንዴ ከሄደ ተመልሶ የሚመጣ ይመስልዎታል?»

«እኔ ቦቴ አላዘዝኩም!»

«ገጽዎ ነው ያዘዘው። ጋሼ፣ አባቴን ያውቁታል? አንገቱን ማዞር አይችልም። ሰው ከኋላው ሲጠራው መላ ገላውን እንደ ጋሪ ያዞራል። እሱ ያደገበት ጉድጓድ ሲቆፈርም እኮ ውሃ ተገኘ ተብሎ ተጨፍሯል። ያን ጊዜ የሚለካ አልነበረም፤ በማን ይፈረዳል? ዛሬ ግን የሚለካ አለ። 'አልለካሁም' ብላ በእውነት ባዶ የተወች ልጅ አለች። ያቺ ልጅ የተናገረችውን እውነት የእርስዎ መስመር መሀል ገብቶ ውሸት አደረገው።»

«በነዚያ ሰዎች ፊት ቆሜ ገጼ ውሸታም ነው ልበል? ሃያ ዓመት የገነባሁት ስም...»

«እኔ ልናገርልዎት እችላለሁ። ግን እኔ ብናገር 'የአዲስ አበባ ልጅ መምህሯን አዋረደች' ይባላል እንጂ ቦቴው አይቆምም። የሚታመኑት እርስዎ ነዎት።»

አቶ አብተው ፈርተዋል ቢባል ሐሰት አይደለም። የቆየ ልማዳችን ነው፦ የተሰበረውን ጨርቅ አልብሰን፣ እንግዳ ሲሄድ እንጠግነዋለን እንላለን። እንግዳው ሲሄድ ግን ስብራቱን እንረሳዋለን፤ ጨርቁም ጌጥ ይሆናል።

መንደሯ ደርሰው ከባጃጁ ሲወርዱ ዳሱ ሞልቶ ነበር። ኦቦ ጉቱ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው እየተቻኮሉ መጥተው አቶ አብተውን አቀፏቸው። የቧንቧው መክፈቻ ላይ ሪባን ታስሯል። ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ሰው ሶረቲን ሲያይ መላ ገላውን አዞረና እጁን ዘረጋላት። አቶ አብተው ያን መዞር አዩ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። አንድ የወረዳ ባለሥልጣን አጭር ንግግር አደረጉ። ቀጥሎ ኦቦ ጉቱ «ውሃችን ንጹሕ መሆኑን ለዓለም የነገሩልን ሰው!» ብለው አቶ አብተውን ጠሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ አብተው ተነሡ።

«ወገኖቼ» አሉ። «ይህ ውሃ ንጹሕ ይሁን አይሁን አላውቅም።»

ጭብጨባው በመሀል ተቆረጠ።

«የኔ ገጽ ንጹሕ ነው ብሏችኋል። ውሃው ግን ገና አልተለካም። ዛሬ መንገድ ላይ ነው ያወቅሁት። የምለምናችሁ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ለመጠጥ አትቅዱት። ልጆች አይጠጡት። ክቡር ሆይ፣» ወደ ባለሥልጣኑ ዞሩ፣ «ቦቴው እንዳይነሣ እለምንዎታለሁ።»

ከዚያ ዳሱ ታመሰ። «ይኸው! ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው!» አለ አንድ ጎልማሳ። ከኋላ አንዲት እናት ጀሪካኗን በእግሯ መታችው። ኦቦ ጉቱ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተጠጉ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አቶ አብተው፣ በሬ አርደናል። አገር ጠርተናል። እርስዎ የሚሉት ምንድን ነው? ገጽዎ ካላወቀ ለምን አላውቅም አላለም?»

«እንዲህ እንዲል አላስተማርኩትም፣ ኦቦ ጉቱ።»

«አላውቅም ማለትን እንዴት አይማርም? ልጅ እንኳ ያውቀዋል!»

«ቋንቋው ዝም ያለን ቦታ ባዶ ነው አይልም፤ ዜሮ ነው ይላል። ዜሮ ማለት ተለክቶ ምንም አልተገኘበትም ማለት ነው። ባዶ ማለት ግን የለካው የለም ማለት ነው። እኔ ይህን አመሉን ከድሮ አውቀዋለሁ። አመሉን የሚያርሙ መሣሪያዎችም መጥተው ነበር፤ የወጣት ፋሽን ናቸው ብዬ ናቅኋቸው። ጥፋቱ ከቋንቋው ይልቅ የኔ ነው።»

የኦቦ ጉቱ ቁጣ አልበረደም፤ ግን በሐሰት ከመጠጣት በእውነት መጠማት እንደሚሻል የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ወደ ቧንቧው ሄደው ሪባኑን ሳይቆርጡ ፈቱት፤ መክፈቻውንም በገመድ አሰሩት። «ማንም እንዳይነካው» አሉ በኦሮምኛም በአማርኛም። ከዚያ ወደ አቶ አብተው ሳይዞሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የታረደው በሬ ተበላ፤ የበላ ሁሉ ግን እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ነው የበላው።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አቶ አብተው «ክፈቺው» አሉ ወደ ላፕቶፑ እያመለከቱ። «እነዚያን የጥያቄ ምልክቶችሽን አሳዪኝ።»

ሶረቲ አሳየቻቸው። «ሁለቱ የጥያቄ ምልክቶች 'ባዶ ከሆነ ይህን በል' ማለት ናቸው። ባዶ ከሆነ 'አልተመረመረም' ይላል፤ እውነተኛ ዜሮ ከሆነ ግን ዜሮውን አይነካውም። ድሮ የምንጠቀምበት 'ወይም' የሚለው ምልክት ባዶንና ዜሮን አይለይም ነበር። ታይፕስክሪፕት ደግሞ በጥብቁ ካስቀመጡት 'ይህ ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሳታጣራ አታወዳድር' ብሎ ገና ሲጽፉ ያስቆምዎታል። ገጹ ሕዝብ ጋ ከመድረሱ በፊት እርስዎን ይቆጣዎታል።»

«ሕዝብ ፊት ከምዋረድ ብቻዬን ብቆጣ ይሻላል ማለት ነው» አሉ አቶ አብተው፤ መራራ ፈገግታ ነበር። «ግን ገጹን እንዳታከብጂብኝ! የአባትሽ ስልክ መክፈት አለበት።»

«አይከብድም። ታይፕስክሪፕቱ የሚቆጣው እኛን ነው፤ ወደ ስልኩ የሚሄደው ያው ቀላሉ ጃቫስክሪፕት ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ከድሮ ጀምሮ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር» አለች ሶረቲ በትሕትና። «ተማሪ እያለሁ። 'ጥያቄ አታብዢ' አሉኝ።»

አቶ አብተው ይህንን እያወጡ እያወረዱ አዳማ ገቡ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ሁለቱ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ ሌላው ከአዳማ ሆነው፣ ገጹን መስመር በመስመር አገላበጡት። አቶ አብተው ኮዳቸውን ለሌላ ሰው ሲያሳዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ብዙ ተጣሉ። አንዳንዱን አዲስ ነገር «ይህ ለኛ አያስፈልግም» ብለው መለሱ፤ ሶረቲም ተቀበለች፤ አዲስ ሁሉ ጥሩ አለመሆኑን እሷም ከእሳቸው ተማረች። ባዶና ዜሮን በሚመለከት ግን አንድም ቦታ አላለፉም። ሦስተኛ ቀለም ጨመሩ፤ ግራጫ ነው፤ «አልተመረመረም» ይላል። አዲሱ ገጽ የተከፈተ ቀን አቶ አብተው ካርታውን ሲያዩ በወንበራቸው ላይ ተሸማቀቁ። አረንጓዴ ከነበሩት መካከል ግራጫ የሆነችው ጋራ ዲማ ብቻ አልነበረችም።

የጋራ ዲማ ውጤት ሲመጣ ፍሎራይዱ የተፈቀደው መጠን ብዙ እጥፍ ነበር። ኦቦ ጉቱ ዜናውን በስልክ ሲሰሙ «ገለቶማ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብቻ ብለው ዘጉ። ቦቴው አልተነሣም። ጉድጓዱ ለልብስና ለግንባታ ይውል ጀመር፤ ለመጠጡ ፍሎራይድ የሚቀንስ ማጣሪያ እስኪተከል ኮሚቴው በየቢሮው ደጅ ይጠናል። ነገሩ ሁሉ አልተሳካም፤ ነገር ግን በጋራ ዲማ አንድም ልጅ በአረንጓዴ ነጥብ ተታልሎ አልጠጣም።

አቶ አብተው በማሠልጠኛው ያቺን የባዶና የዜሮ ጨዋታ ዛሬም ያስተምራሉ፤ ተማሪ ሲስቅ ግን አብረው አይስቁም። እንዲህ ይሏቸዋል፦

«ልጆቼ፣ ጥብቅ መሣሪያ ጠላታችሁ አይደለም። ስትጽፉ የሚያስቆማችሁ ነገር ሌላውን ሰው ከመታመም ያድነዋል። ኮዳችሁን ለባልንጀራችሁ አሳዩት፤ የተደበቀ ሥራ ስህተቱንም አብሮ ይደብቃል። ታናሻችሁ የሚላችሁን ስሙ፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ግን ወደ እሱ አትሩጡ፣ ከእሱም አትሽሹ። 'ማንን ከምን ጉዳት ያድናል?' ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው ያዙት፤ ከሌለው ይለፋችሁ። ከሁሉ በላይ ሥራችሁ አላውቅም ማለትን ይልመድ። አላውቅም ያለ ገጽ አያሳፍርም። ሳያውቅ አውቃለሁ ያለ ነው የሚያሳፍረው።»

አንድ ቀን ይህን ሲሉ ስልካቸው ጠራ። ሃፍሳ ነበረች፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ አብተው፣ ምን አደረጉብን?» አለች እየተነጫነጨች። «ያ ግራጫዎ የሰዉን እንቅልፍ ነሣው እኮ! አረንጓዴ ነን ብለው ተኝተው የነበሩ መንደሮች ሁሉ 'ለምን አልተመረመርንም?' እያሉ ተነሥተዋል። እዚህ በራችን ላይ ጠርሙስ የያዘ ሰው ተሰልፏል። ከመተሐራ አካባቢ ሳይቀር መጥተዋል! ኬሚካሉም ገና ትናንት ነው የገባው። ምን ልበላቸው?»

አቶ አብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ዓይን ዓይናቸውን ያዩ ነበር።

«ለኪላቸው፣ ልጄ» አሉ። «ያልደረሰሽላቸውን ደግሞ እንደ ሁልጊዜሽ ባዶውን ተዪው። አሁን ገጹ ያነበዋል።»